ለጋቢ የተስተካከለ ካሜራ

ደባርቅ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። በፊልም በምሠራበት ጊዜ ብርሃኑን ባበላሽም ጎንደር ያለው ፊልም አጣቢ አስተካክሎ ስለሚያትመው ጎበዝ መስዬ ኖርኩ። ዲጂታሉን ካሜራ ስገዛ ግን ጉዴ ወጣ። በእኛ አገር ሰው ለክብር ሲለብስ ነጭ ነው የሚለብሰው፤ ያ ካሜራ ደግሞ ነጭ ልብስ ያየ እንደሆነ ፊትን ያጠቁራል።

መጀመሪያ የተጎዱት አባቴ ናቸው። ቄስ ነበሩ፤ ፎቶ አይወዱም። «ሰው ከመብረቅ ይሸሻል፣ አንቺ በእጅሽ ይዘሽው ትዞሪያለሽ» ይሉኝ ነበር። አንድ የጥምቀት ማግስት በስንት ልመና ደጃፋቸው ላይ አቁሜ አነሳኋቸው። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጋቢያቸው ነጭ፣ መሀል ላይ ፊታቸው የድስት ቂጥ። ትክ ብለው አዩትና «ጥምጥሙስ የእኔ ነው፤ ሰውየው ማነው?» አሉ። ቀጥለውም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ ልጄ» ብለውኝ ወደ ቤት ገቡ። በጣም ተናደድኩ፤ ካሜራውን በአጥር ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ ሊመነኩሱ ወሰኑ። በዛሪማ በኩል ወደ ቆላ ወርደው ገዳም ሊገቡ፣ ላይመለሱ። ይህን ሲነግሩን ታላቅ እህቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ነገ አነሳታለሁ ስል እናታችን አንድም ፎቶ ሳይኖራት ነው የሄደችው፤ እህቴ መልኳ እየጠፋባት እንደሆነ ስትነግረኝ ከርማለች። አባቴ ልቅሶዋን አይተው ራሩ።

«በምሄድበት ዕለት ታንሳኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ታዲያ እንዳታበራብኝ፣ እንዳታስጮህብኝም።»

ከዚያ ወዲያ ከካሜራው ጋር ትግል ገጠምኩ። ሜኑው ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ጲጵ የሚለውን ድምፅ አጠፋሁ፣ ከዚያ ፍላሹን፣ ከዚያም ሲያነጣጥር ከፊቱ የሚያበራውን ትንሽ መብራት። የፊት መጥቆር ግን በዚህ አይድንም። አንድ ከሰዓት የጎረቤቴን በኖራ የተቀባ ግድግዳ አነሳሁ፤ አመድማ ሆኖ ወጣ። ጥቁር ጃንጥላዬን ዘርግቼ አነሳሁ፤ እሱም አመድማ! ያን ጊዜ ጠባዩ ገባኝ። ለካ ካሜራው ሁሉን መሀል ላይ ካላገናኘ ደስ እንደማይለው ሽማግሌ ነው፤ ከበዳይም ከተበዳይም እኩል ይቆርጣል። ነጭ ሲያይ ያጨልማል፣ ጥቁር ሲያይ ያነጣል። እንግዲህ ለነጩ ብርሃን መጨመር፣ ለጥቁሩ መቀነስ የእኔ ፈንታ ነው። ይህን የሚያደርገውን ትእዛዝ ከሜኑው ጓዳ አውጥቼ፣ ከኋላ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ተሽከርካሪ ቁልፍ ላይ አደረግሁት፤ ወደ ቀኝ ሲዞር እንዲጨምር፣ ወደ ግራ ሲዞር እንዲቀንስ። በገበያ ቀን ጋቢ የለበሰው፣ ካባ የደረበው ሁሉ መለማመጃዬ ሆነ። አንዳንዱ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» እያለ ያልፋል።

የመሄጃው ጠዋት ደባርቅ በጉም ተሸፍና ነበር። እኔ ቀድሜ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ለጋቢ የሚሆነውን ብርሃን ጨምሬ፣ በአላፊ አግዳሚው ሞክሬ፣ ተሰናድቻለሁ። አባቴ ከእህቴ ጋር ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ብርዱ ጠንቶባቸው ኖሮ ጥምጥማቸውን ሳይቀር በጥቁር በርኖስ ተሸፋፍነዋል። ልቤ ስንጥቅ አለ። እኔ በጨመርኩት ላይ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ሲጨምርበት ፊታቸው እንደ ወረቀት ሊነጣ ነው። በርኖሱን ያውልቁ እንዳልላቸው ብርድ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ «ዛሪማ! ሞልቷል!» እያለ የመኪናውን በር ይደበድባል።

አባቴ ፊት ለፊቴ ቆሙና «በይ» አሉኝ።

አውራ ጣቴ እኔ ሳላዘው ወደ ግራ ሄደ፤ የጨመርኩትን ሁሉ መልሶ፣ ከዚያም አልፎ ቀነሰ። ማንሻውን ተጫንኩ። በመናኸሪያው ጫጫታ መሀል ቀጭታው እንኳን አልተሰማም።

«መቼ ነው የምታነሽው? መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው እኮ» አሉ።

«አንስቼዎታለሁ፣ አባባ።»

ለማየት ፈርቼ ካሜራውን ለእህቴ ሰጠኋት። አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ እኔም ደፍሬ አየሁ። ዓይናቸው፣ ሽበታቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር አለች። እፎይ! መሳቅም ማልቀስም አማረኝና ሁለቱንም አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርግ፣ ብዙ ክርስትና አንስቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሸክም ግን ከትከሻዬ ወርዶ አያውቅም።

«እስቲ አምጪው» አሉ አባቴ። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ አዩት። ረዳቱ እንደገና ጮኸ። ካሜራውን እጄ ላይ መለሱልኝ፤ ሁለታችንንም በመስቀላቸው አሳለሙን።

«እንግዲህ ሰውየው እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ ልሂድ» አሉ።