አባቴ ያመነው ግጥም

«አልወጋም ብያለሁ ሰብለ፤ ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» አለ አባቴ፣ እጁን ከትሪው ላይ አንስቶ።

እህቴ ሰብለ ነርስ ናት፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ያን እሑድ አፍንጮ በር ባለው ቤታችን ምሳ እየበላን ስታስረዳው ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ዕድሜው ስድሳ አራት እንደሆነ፣ ስኳር እንዳለበት፣ ክትባቱ እሷ ዘንድ በነጻ እንደሚሰጥ፣ ሰልፉም እንደቀነሰ ነገረችው። እሱ ስለ መድኃኒቱ አንድም ነገር አልተከራከረም። ጉሮሮውን ጠረገና የእኔን ግጥም በቃሉ አላት።

ኪኒን ስንለምን የዘጋብን ደጁን፣
መርፌ ይዞ መጣ ዘርግቶልን እጁን።

ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «መጀመሪያ እሱን አሳምኚው» አላት።

ሰብለ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ እንጀራዬን ቆረስኩ። ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር፤ ትናንት ካፌ ውስጥ ግጥም ሳነብ ጮኬ ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ። ከአባቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት ይኸው ነው። የጉሮሮ መከርከር፣ ሌላ ምንም።

ግጥሙ እንዴት ከአባቴ አፍ እንደገባ መናገር አለብኝ። አባቴ ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠራ አንጥረኛ ነው። እኔ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ግጥም እየጻፍኩ የምዞር ልጅ ነበርኩ። ለአባቴ ይህ ሥራ አልነበረም። ሰው ሲጠይቀው «ልጄ ገና ነው» ነበር መልሱ። እነዚያ ሁለት ስንኞች ግን ከካፌ ወጥተው በየሰው ስልክ ዞሩ። አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ስሄድ ቀለበት ልታስጠብብ ለመጣች ሴትዮ ግጥሙን ሲላት ደረስኩ። «የልጄ ነው» አላት። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በዚያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ማስክ የሚደረገው ፖሊስ ሲታይና ባንክ ሲገባ ነበር። የታክሲው ረዳት «ማስክ ማስክ፣ ቆመዋል!» ሲለን ሁላችንም ከአገጫችን እንስባለን፤ አደባባዩን እንዳለፍን እናወርዳለን። በሽታው የፈረንጅ ነው የሚል ነበር። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይበቃል የሚል፣ የተከተበ ሁለት ዓመት አይቆይም የሚል፣ መካን ያደርጋል የሚል ነበር። እኔ አንዱንም አላመንኩም። የእኔ ቅሬታ ክትባቱ ለእኛ ዘግይቶ መድረሱ ላይ ነበር፤ ያም እውነት ነበር። ግን ሰው ግጥሙን የተጠቀመበት ለቅሬታ አልነበረም። ላለመከተብ ነበር። አየሁ፣ አላረምኩም። ጭብጨባው ጥሞኝ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ያን እሑድ እኔ ሁለተኛውን ዙር ክትባት ከወሰድኩ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ካፌ አብሮኝ የሚቀመጥ የእኔው እኩያ ታሞ ስልክ ደውዬለት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው ሰማሁ። ፈራሁ። ሰብለን ለመንኳት። ጤና ጣቢያው የሄድኩት ማስኬን እስከ ዓይኔ ድረስ ስቤ ነው፤ በሽታውን ፈርቼ ሳይሆን ሰው እንዳያውቀኝ። እሷም ቃል አስገባችኝ፤ ምስጢሬን ትጠብቃለች፣ እኔ ደግሞ ራሴ ለአባቴ ነግሬ አመጣዋለሁ። እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ያ እሑድ ደረሰ።

ሰኞ ማታ አተኮሰኝ። ማክሰኞ የሽንኩርት ሽታ ጠፋብኝ። ሰብለ ጓዳ አስገብታ ዘጋችብኝ፤ ምግቤን ደፍ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ፒሲአር ተደርጎልኝ ፖዘቲቭ ተባልኩ። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ትንፋሼን ምንም አላለውም።

አርብ በጓዳው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል የአባቴን ሳል ሰማሁ።

ደረቅ ነበር። ቅዳሜ አልቆመም። እሑድ ሰብለ ጣቱ ላይ የደሙን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክሲሜትር አደረገች። ሰማንያ አንድ። ጣቱን አሻሽታ ደገመች። ሰባ ዘጠኝ። አባቴ ደህና ነኝ አለ። «ደህና» ብሎ «ነኝ» ለማለት አየር ሳበ።

የመጀመሪያው ሆስፒታል አልጋ የለም አለ። ሁለተኛው አልጋ አለ፣ ኦክስጅን ግን ጠብቁ አለ። ጠበቁ፤ እኔ ቤት ሆኜ በስልክ እሰማለሁ። ሰብለ ደጋግማ ጣቱን ታየዋለች። ሰባ አራት። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲሊንደሩ መጣ።

እኔ ገና ከቤት መውጣት አይፈቀድልኝም ነበርና ዶክተሯ ያነጋገረችኝ በሰብለ ስልክ ነው። የሳንባው ራጅ በሁለቱም በኩል ነጭ ሆኗል አለችኝ። ዴክሳሜታሶን እንደጀመሩለት፣ መድኃኒቱ ስኳሩን ስለሚያወጣው ኢንሱሊን እንደጨመሩ ነገረችኝ። ከዚያ ጠየቀች።

«ተከትበዋል?»

«አልተከተበም።»

«ለምን?»

«አልፈለገም» አልኩ።

ሰብለ አጠገቧ ቆማ ትሰማ ነበር። ስልኩን ተቀብላ ዘጋችው።

አሥራ ስድስት ቀን ተኛ። በሆዱ ያስተኙት ነበር። በሰባተኛው ቀን ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሊወስዱት ተዘጋጁ። ቦታ አልነበረም። ከእሱ ጎን የተኛው ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የተኛውም ሞተ። አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ነቅቶ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ኦክስጅኑ ሰማንያ ስምንት ገባ።

ቤት ሲመለስ ከመኪናው እስከ አልጋው ድረስ ሦስት ጊዜ አረፈ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀስ ብለው የሚሄዱ፣ ግን ወደፊት የሚሄዱ ነበሩ፤ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፣ ከዚያ እስከ ግቢው በር ተራመደ፣ በሁለተኛው ወር ደግሞ ክንዴን ይዞ እየቆመ እያረፈ ፒያሳ ወርዶ ከመሥሪያው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የወርቅ ቤቱ ሰዎች በሙሉ ተነሥተው ተቀበሉት። ወርቅ ሲበየድ እሳቱ በቀጭን የናስ ቱቦ በአፍ ይነፋል፤ አርባ ዓመት የነፋውን አሁን ግማሽ ደቂቃ አይችለውም፣ ስለዚህ እኔ እነፋለሁ፣ እሱ «ቀስ፣ ወደ ግራ፣ በቃ» እያለ እጄን ይመራል።

ቤታችሁ በሽተኛ ላላችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ። ኦክሲሜትር ተበድራችሁም ቢሆን አግኙ፤ በሽተኛው ደህና ነኝ ሲል ቁጥሩን እመኑ። ከዘጠና በታች ከወረደ ሌላ ሰው አታማክሩ፣ ሆስፒታል ሂዱ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ከወትሮው አብዝታችሁ ለኩ። ስማቸውን ያላወቅኳቸው፣ ፊታቸውን በዚያ ሁሉ ፕላስቲክ ውስጥ ያላየሁት ነርሶች አባቴን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠውታል፤ አመሰግናቸዋለሁ። እህቴን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም።

የቀረውን ምክር ለመስጠት አፍ የለኝም፤ የሆነውን ግን እጽፋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከአባቴ ጎን የሚሠራው ጋሽ ከድር ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ። የወሎ ሰው ነው፤ አስም አለበት። ሴት ልጁ ተከተብ እያለች መውጫ መግቢያ እንዳሳጣችው ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ።

«ባለቅኔው፣ አንተ ያልተወጋኸውን እኔ በስተርጅና ልወጋ? ምን ትለኛለህ?»

አባቴ በእኔ ፈንታ መለሰ። በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሹ፣ «ልጄ... ያለውን ብሏል» አለ። ኩራቱ አሁንም ድምፁ ውስጥ ነበር።

ቱቦውን አስቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኔ ተከትቤያለሁ።»

ጋሽ ከድር ሳቁን አቆመ።

«መቼ?» አለ አባቴ።

«ከመታመማችን ሁለት ወር በፊት። ሁለቱንም ዙር።»

«ሰብለ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እኔ እንድነግርህ ነበር የጠበቀችው።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀና ማጠፊያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሰብለ ያለችበት ጤና ጣቢያ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠየቀኝ። እስከ አሥራ አንድ እንደሆነ ነገርኩት።

«ከድር፣ ኮትህን ልበስ» አለ።

ጋሽ ከድር ሳይከራከር ለበሰ። አባቴ በጠረጴዛው ተደግፎ ሲነሣ እንደለመድኩት ክንዴን ልሰጠው ብድግ አልኩ። አላየኝም። የጋሽ ከድርን ክንድ ያዘ።

«አንተ ተቀመጥ» አለኝ።

ሁለቱ ቀስ እያሉ ወጡ። በሩን ጋሽ ከድር ክፍቱን ሊተወው ነበር፤ አባቴ ተመልሶ በራሱ እጅ ዘጋው።