ሳቁም በቃለ ጉባኤ ገብቷል

ቃለ ጉባኤ መያዝን እንደ ሙያ የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራዬ ሆኖ ኖሯል። ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ተመርቄ ወደ ሶዶ ስመለስ የተመደብኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነበር፤ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «የእሷ ጽሑፍ ይነበባል» እየተባለ ብዕሩ ለእኔ ይሰጥ ጀመር። በዚህ ሥራ ላይ መጀመሪያ የተማርኩት ብልሃት መጻፍ አልነበረም፤ ማለስለስ ነበር።

አንድ ሰው ጠረጴዛ እየደበደበ ባልደረባውን «ሌባ!» ቢለው፣ እኛ «በአሠራር ግልጽነት ላይ ጥያቄ ቀርቧል» ብለን እንጽፋለን። ሁለት ሰዎች ሊተናነቁ ደርሰው በገላጋይ ቢለያዩ፣ «ሞቅ ያለ ውይይት ተካሂዷል» ይሆናል። ለአዳዲስ ጸሐፊዎችም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አለቃ በስብሰባ መሐል የተቃወማቸውን ሠራተኛ «እግሩን ሰብረን ነው የምንሸኘው» አሉት። «ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ ሰጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሰውየው ወደ ቤቱ ሲሄድ ያልታወቁ ሰዎች ደበደቡት፤ እግሩ ተሰበረ። ሚስቱ ቢሮዬ ድረስ መጥታ ያን ቃለ ጉባኤ እንዳሳያት ለመነችኝ። አወጣሁላት። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እዚህ ላይ እኮ ምንም የለም» አለች።

አለቃው ያን ድብደባ አዝዘው እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት አላዘዙም፤ ምናልባት ቃላቸውን የሰማ ሌላ ሰው እንደ ፈቃድ ቆጥሮት ይሆናል። የማውቀው ሴትዮዋ ወረቀቱን አጣጥፋ ስትመልስልኝ ዐይኗን ማየት እንዳልቻልኩ ነው።

ምርጫ ሲቃረብ በአካባቢያችን የሚወዳደሩ ፓርቲዎች የጋራ መድረክ አቋቋሙ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንሰበሰባለን። ሰብሳቢው በርእሰ መምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ አዛውንት ነበሩ። እኔ የማንም ፓርቲ አባል ስላልሆንኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። መድረኩ ገና ሲጀመር ሁሉም የተስማማበት አንድ ደንብ ነበረው፤ ቃለ ጉባኤው ማንም ከአዳራሹ ሳይወጣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ተሰብሳቢውም በየገጹ ይፈርማል። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጎረቤቴ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት ስለሚያንስ «እትዬ» ይለኛል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። በተቃዋሚነት ሲመዘገብ ሚስቱ አጥር ላይ ተደግፋ «ይኸ ሰው ደመወዝ አነሰው፣ አሁን ደግሞ ጠላት ሊገዛ ነው» ብላኝ ተሳስቀን ነበር።

ከፊት ለፊቱ የሚቀመጡት የትልቁ ፓርቲ የአካባቢው ተጠሪ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ቀድሜ ልበል። ለቅሶ የማይቀሩ፣ ጨዋታ የሚችሉ፣ ንግግራቸው ሰው የሚሰበስብ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ለቅዳሜ በከተማው ሜዳ ትልቅ የድጋፍ ሰልፍ ጠርተው ነበር።

ሐሙስ ዕለት አጀንዳው ተራ ነገር ነበር። ጎረቤቴ «የለጠፍነው ፖስተር ሁሉ እየተቀደደ ነው» ብሎ አመለከተ። ሦስት ሰፈሮችን ጠቀሰ፤ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ተጠሪው ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ በጓሮው የታመመ እንሰት ያገኘ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «ይነቅለዋል። ይከትፈዋል። አርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል። ቢላዋውንም በእሳት ይለበልበዋል፣ ለሌላው እንዳይተርፍ! እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ቅዳሜ ለሕዝቡ አብራርቼ እነግረዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ጎረቤቴን እያዩ ነበር። አዳራሹ ሳቀ።

«ቢላዋው ተስሏል!» አለ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው።

ከጎረቤቴ ወገን ደግሞ አንድ አባል ብድግ ብሎ «ገጀራ እኛም ቤት አለ!» ሲል መለሰ። ያኔም ተሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን አጭር ነበር።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ ጨርቅ በመሸጥ ያሳደገን ሰው ነው። ጉራጌም ሆነ ወላይታ፣ እንሰት ላይ ያደገ ሰው ያን ምሳሌ እንዲያስረዱት አይፈልግም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ እናቴ አንዲት ቃል ሳትናገር ዶማ ታነሣ ነበር። መድኃኒት የለውም። ሌባ ይታሰራል፣ ይፈታል። ጠላት በሽማግሌ ይታረቃል። የታመመ እንሰት ግን ዕርቅ የለውም፤ የሚቀረው ጉድጓድ ብቻ ነው። ከመሪ አፍ ሲወጣ ያስፈራኝም ይኸው ነበር። ተጠሪው ለጨዋታ ያሉት ነገር ቅዳሜ በድምፅ ማጉያ ቢነገር፣ ከሰልፈኛው መሐል አንዱ ዶማውን ሊያነሣ ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ክፉ ሥራ የሠራ አይመስለውም፤ ጓሮ ያጸዳ ነው የሚመስለው።

እጄ በልማዱ «ተጠሪው ጠንከር ያለ» ሊል ወረቀቱ ላይ ወረደ። እዚያው ቆመ። ከዚያ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ጻፍኩ፤ እንሰቱን፣ ጉድጓዱን፣ ቢላዋውን፣ ገጀራውን። በሁለቱም ቦታ «ከተሰብሳቢዎች ሳቅ ተሰምቷል» የሚል ጨመርኩ። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈገግ ብዬ እንደ ነበር እገምታለሁ፤ በጨዋነት።

የቀሩት አጀንዳዎች አልቀው የማንበቢያው ሰዓት ደረሰ። ሰዎች ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ፣ አንዳንዱም ስልኩን እየነካካ ነበር። ድምፄን ሳላነሣ ሳልጥል አነበብኩ። «የታመመ እንሰት» ላይ ስደርስ ስልኮቹ ተቀመጡ። «አርቆ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል» ስል የአንድ ወንበር እግር ሲንቋቋ ሰማሁ። «ከተሰብሳቢዎች ሳቅ ተሰምቷል» ስል ግን የሳቀ አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በፊት የሳቁት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው የጠረጴዛውን ጨርቅ ያያሉ።

«እህቴ» አሉ ተጠሪው፣ «ይኼን ሁሉ ለምን ጻፍሽው? ቀልድ እኮ ነው!»

«ቀልድ መሆኑን እንድጽፍ ከፈለጉ፣ እጽፋለሁ።»

«ጻፊ አይደለም፣ አውጪው ነው የምልሽ!»

«ማውጣት አልችልም። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ ደንቡን እርስዎም ፈርመውበታል።»

«አየሽ፣ ምርጫው ያልፋል። አንቺም ወደ ቢሮሽ ትመለሻለሽ። ያኔ እንተያያለን።»

ሰብሳቢው አዛውንት መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህንንም ትጻፈው?» አሉ።

ብዕሬን እንደ ገና አነሣሁ። ያ ቢሮ ነው የሚያኖረኝ፤ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ እጁን አወጣ። ስሞታ ያበዛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ገጀራ ያለው የእኛ ሰው ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ለእሱ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቃሉን መልሰን ወስደናል። አይሰረዝልኝ፤ ከሥሩ መመለሳችን ይጻፍልኝ። ይቅርታም ጠይቄአለሁ።» ከዚያ ወደ አባሉ ዞሮ «አንተ ቤት ዱባ መክተፊያ እንኳ የለም፤ ገጀራ ከየት አመጣህ?» አለው።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ወደ ተጠሪው ጠጋ ብለው፣ እንደ ወትሮው ከባድ ነገር ሲኖራቸው እንደሚያደርጉት፣ በወላይትኛ ጀመሩ። «ታ ኢሻው» አሏቸው፤ ወንድሜ ማለት ነው። የቀረውን ለሁሉም እንዲሆን በአማርኛ ተናገሩት። «የአንተንም የእሱንም ልጅ አስተምሬአለሁ። አንተም እሱም ስትሞቱ የምንቀብራችሁ እኛው ነን። ሳትሞቱ ግን አንቀብርም። ወይ እንዳለ ፈርም፣ ወይ መልሰውና እሱም ይጻፍ።»

ተጠሪው ብዕራቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። በመጨረሻ «ጻፊ» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። «ተወዳዳሪ ተወዳዳሪ ነው፤ በሽታ አይደለም። ያልኩትን መልሼዋለሁ። ቅዳሜም አልደግመውም። በቃ?»

«ስለ ቢሮዬ ያሉትስ?» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደ ወጣ አላውቅም።

«እሱንም መልሼዋለሁ። ኧረ ተይኝ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ጻፍኩ፤ እንደ ገና አነበብኩ፤ ሁሉም በየገጹ ፈረሙ። የተጠሪው ፊርማ ከሌላው ጊዜ ተለቅ ብሎ ነበር።

እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዓርብ ጠዋት የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር ግን በመስታወቱ እያየኝ «እትዬ፣ የታመመው እንሰት ጎረቤት ነዎት አሉ! ነገ ነው የሚነቀለው?» አለኝና ሳቀ። ተንኮል አልነበረበትም፤ የሰማውን ነው የሚያወራው። ቃሉ ከአዳራሹ ወጥቶ ገበያ ገብቶ ነበር፤ መመለሱ ግን ገና አልወጣም። ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ሚስት ሁለቱን ልጆች ይዛ ቢጠና ወዳለችው እህቷ በሚኒባስ ሄደች። «ለሰንበት ነው» አለችኝ። የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ለምን እንደ ያዘች አልጠየቅኳትም። ጎረቤቴ ራሱ ቀረ። «ከቤቴ ከሸሸሁ ማን ይመርጠኛል?» አለ።

ቅዳሜ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ሰልፍ የመሄድ ልማድ የለኝም፤ ቤት ተቀምጬ ድምፅ ማጉያውን በመስኮት ከመስማት ግን መቆም ቀለለኝ። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በር ላይ ተጠግቼ ቆምኩ። ተጠሪው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሥራ ተናገሩ። ተጨበጨበ። ከዚያ ከሕዝቡ መሐል አንድ ድምፅ «እንሰቱስ?» አለ። ሌላው ተቀበለ። «እንሰቱስ ምን ይሁን?» ወዲያው ሜዳው በሙሉ «እንሰቱስ! እንሰቱስ!» ይል ጀመር።

ሰውየው ማይክሮፎኑን ይዘው ቆሙ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሕዝብ ያን ያህል ሲጮኽላቸው የሚፈልገውን አለመስጠት ለእሳቸው ምን ያህል እንደሚከብድ ከሩቅም ይታየኝ ነበር።

«የምን እንሰት?» አሉ። «ሰውየው አስተማሪ ነው። የእኔን ልጅ ፊዚክስ ያስተምረዋል። ልጄ አይገባውም፤ ጥፋቱ ደግሞ የአስተማሪው አይደለም!»

ሕዝቡ ሳቀ።

«በካርድ እንጥለዋለን። በካርድ ብቻ! እጁን የሚያነሣበት ሰው የእኔ ደጋፊ አይደለም። በጠላት ቁጠሩት ያልኳችሁ ካላችሁ፣ ተሳስቼ ነው። መልሼዋለሁ፤ ፈርሜአለሁ።»

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወደ ዘፈን ተለወጠ። መደብሩ ደጃፍ ላይ ያለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባለ ሱቁ «እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?» ብሎ ውኃ ሰጠኝ። አልታመምኩም። ከሐሙስ ጀምሮ የፈራሁት ነገር ስላልሆነ ነው የተቀመጥኩት። ተጠሪው በልባቸው ምን ያስቡ እንደ ነበር አላውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም። እኔ የተነገረውን ነው የምመዘግበው፤ የተነገረው ደግሞ በቂ ነበር።

ምርጫው ተደረገ። ጎረቤቴ ተሸነፈ፤ በጥቂትም አይደለም። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ባጃጅ መጠበቂያው ላይ አገኘሁት። ያልታረሙ የፈተና ወረቀቶች ታቅፏል። ዐይኑ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«እትዬ፣ ተሸነፍኩ እኮ።»

«ሰማሁ። አዝናለሁ።»

«የእኛ ሰፈር ሳጥን እንኳ ከዳኝ። የዚህን ሰፈር ሰው አንድ በአንድ ነው የምጠይቀው!»

«እኔን እንዳትጠይቀኝ» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣ። ስለ ድምፅ ቆጠራው፣ ስለ ፖስተሮቹ፣ ስለ ራሱ ፓርቲ ስንፍና ባጃጁ እስኪመጣ አወራ። በሚቀጥለው ምርጫ እንዴት እንደሚያሸንፍ አስረዳኝ፤ ዕቅዱ ጥሩ አልመሰለኝም፤ ይህንንም ነገርኩት።

«ልጆቹስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ትናንት ከቢጠና መጡ። ቤቱን ገለባብጠውታል። እናታቸው ገና በጠዋቱ ስትጮኽባቸው አልሰማሽም?»

ሰምቻለሁ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ለብዙ ደቂቃ ሳዳምጥ ነበር። ለጎረቤቴ ግን አልነገርኩትም፤ ባጃጁ መጥቶ ነበር፣ የእሱም የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሊደወል ደርሶ ነበር። «ግባ፣ ይረፍድብሃል» አልኩት።