የዘይዳ የእጅ መታጠብ ጥናት

ዘይዳ ሐምዱ አዋላጅ ነርስ ናት። የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ ገበያ ዳር ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ቢቸና ተመድባ ከመጣች ጀምሮ አንድ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አብረን ስለምንሠራ የማወራው ያየሁትን ነው። ቅዳሜና እሁድ እየተመላለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። መጨረሻው ላይ ለመመረቂያሽ ፕሮፖዛል ጻፊ ስትባል፣ ምን እንደምትጽፍ ከቆረጠች ቆይታለች።

በእኛ ዘንድ ክርስትና ሳይነሣ ለሞተ ልጅ ልቅሶ አይደረስም። በምጥ ከሞተማ እናቲቱ ፊቱን ሳታይ ወንዶቹ ጠቅልለው ይወስዱታል። እሷን «ምትክ ይስጥሽ» ይሏታል፣ በቃ። ካለቀሰች «በእግዜር ላይ ታማርሪያለሽ?» ተብላ ትገሠጻለች። እኛ የጤና ባለሙያዎቹም ከሰፈርተኛው አንሻልም፤ አልጋውን ለሌላ ወላድ አንጥፈን ሥራችንን እንቀጥላለን። ዘይዳን ይህ ነገር አንገፈገፋት። ልታጠና ያሰበችውም እነዚህን እናቶች ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ እንዴት እንደኖሩ ከራሳቸው አፍ ሰምታ ልትጽፍ።

መጀመሪያ ያማከረቻት በዛብሽን ነው። በዛብሽ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር ገበሬ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን እኛው ጋ በቃሬዛ መጥታ አጥታዋለች። ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። ዘይዳ ያሰበችውን ስትነግራት በዛብሽ «ይጻፋል?» አለች።

«ይጻፋል። ስምሽ አይጠቀስም እንጂ የነገርሽኝ ሁሉ ይጻፋል።»

«እንግዲያው እናገራለሁ። ልጄ የትም አልተጻፈ፣ ስም የለው፣ መቃብሩን እንኳ አላሳዩኝ። አንድ ቦታ ይጻፍልኝ።»

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የበዛብሽን ልጅ አንገት ግን ያየለት የለም። ገበያ በወጣች ቁጥር በእኛ በኩል ታልፍና «ጥናቱ ደረሰ ወይ፣ ሲስተር?» ትላለች። ዘይዳም «ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው» ትላታለች።

ፕሮፖዛሉን ክረምቱን ሙሉ ጻፈችው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው መለሰው። ተሳታፊዎቹ በቀላሉ የሚጎዱ ናቸው፣ ጥያቄው ሐዘን ይቀሰቅሳል፣ ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያ በአቅራቢያቸው ይመደብ ይላል። ቢቸና ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጉ ከሚሉን አንበሳ ፈልጉ ቢሉን ይቀለን ነበር። እኔው አጽናናቸዋለሁ ብላ ጻፈች፤ ጠያቂና አጽናኝ አንድ ሰው መሆን አይችልም ተብሎ ዳግም ተመለሰ። ኮሚቴ አያስፈልግም አልልም፤ በጥናት ስም የተጎዳ ሰው ሞልቷል። እኔን ያናደደኝ፣ ከእናቶቹ አንዷን እንኳ ጠርቶ «ማልቀስ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ያለ አለመኖሩ ነው።

አማካሪዋ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራ የበዛባቸው ሰው ናቸው። «ዘይዳ፣ ቀለል ያለ ርዕስ ያዢ። የእናቶች እጅ የመታጠብ ልማድ በይው፣ ወዲያው ያልፍልሻል። አለዚያ ዓመቱ ይቃጠልብሻል» አሏት።

ተናዳ ሞጣ ወረደች። አባቷም የሚያውቁት ንግድ ነውና በሚያውቁት መከሯት። «ልጄ፣ ገዢ የማይነካውን ጨርቅ ዘርግተሽ አትዋዪ። የፈለጉትን ቁረጪላቸውና ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።» በፍቅር ነው ያሏት፤ እሷም በፍቅር ሰማቻቸው። ስትመለስ ርዕሱን ቀየረች። እውነትም ወዲያው አለፈ፤ እንኳን ደስ አለሽ አልናት፣ እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

አዲሱ ጥናት ባለፉት ሁለት ዓመታት የወለዱ እናቶችን የሚመለከት ነው፤ ልጁ ይኑር ይሙት አይለይም። ዕጣ ሲወጣ በዛብሽ ወጣች። ዘይዳ «አንተ ሂድልኝ» አለችኝ፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አይ፣ እኔው እሄዳለሁ» አለች። አብረን ሄድን።

በዛብሽ እንደምንመጣ ሰምታ ኖሮ ቤቷን ጠርጋ፣ አጎዛ አንጥፋ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ ጠበቀችን። «ባሌን እርሻ ሰድጄዋለሁ፤ እሱ ካለ አልናገርም» አለች። ዘይዳ ቀና ብላ ሳታያት የፈቃድ ቃሉን አነበበች፤ የማይመችዎትን ጥያቄ አለመመለስ ይችላሉ የሚለው ጋ ስትደርስ በዛብሽ «ኧረ ሁሉንም እመልሳለሁ» አለቻት።

ከምግብ በፊት ይታጠባሉ? ከመጸዳጃ ሲመለሱስ? ሳሙና አለ? በዛብሽ ሁሉንም በትሕትና መለሰች። አንዱን ስትመልስ ዓይኗ የሚቀጥለው ላይ ነው፤ ያኛው ጥያቄ እስኪመጣ እየጠበቀች።

«ሕፃን ልጅዎን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ይታጠባሉ?»

ዘይዳ ከአፏ ካወጣችው በኋላ ነው የሰማችው። በዛብሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየቻቸው።

«አልነካሁትም» አለች። «አላስነኩኝም፣ ሲስተር። አንቺም እዚያው ነበርሽ።»

ዘይዳ ቅጹ ላይ አቀረቀረች። «ያኛው ጥያቄስ?» አለች በዛብሽ።

«ከለከሉኝ፣ እታለሜ። እንዳታለቅሺ ብለው ነው።»

«እነሱም?» አለች።

ዘይዳ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ጠጋ አለቻት። «ተይው ወረቀቱን፤ ለእኔ ንገሪኝ» አለቻት። በዛብሽ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ካልተጻፈ ይቅር። ዝም ማለቱንማ ለምጄዋለሁ።» እስከ ደጃፍ ሸኘችን፣ ለመንገዳችንም መረቀችን።

ቅጹ ላይ ያለው «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ነው። ባዶ ከተተወ ዶክተር ይመልሱታልና ዘይዳ ማታ አንዱን መረጠች። ጥናቱ ተጠናቀቀ፣ ዘይዳም ተመረቀች። የበዛብሽ ልጅ እንግዲህ እዚያ ውስጥ ተጽፏል፤ ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን የማይታጠቡ እናቶች ከሚለው ሥር።