ከማሳው ማዶ

ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጫማው ተወልውሏል፤ ጢሙ ግን ከተላጨ ሳምንታት አልፈውታል። ሰውየው በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ጠመንጃ የጠመንጃ ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ አኖረና እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

ጠጋኙ ብርድ ልብሱን ፈታና በማነጣጠሪያው መነጽር አሻግሮ እያየ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስምንት መቶ ሜትር ላይ አይስትም! ምን ሆነብዎት?» አለው።

«ምንም አልሆነ። ቆራርጥልኝ።»

«ይሽጡት እንጂ! ቤቱን ለሚጠብቅ ሰው እኮ...» ጠጋኙ ይህን ቃል ለስንቱ ጠመንጃ ገዢ ተናግሮታል።

«እኔስ ለምን የገዛሁት መሰለህ? ከማሳው ማዶ ጆንያ የተሸከመ ሰው አየሁ። ሌባ ነው ብዬ ተኮስኩ። ደጃፌ እስኪደርስ ብታገስ ኖሮ በድምፁ አውቀው ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነበር።»

ጠጋኙ የብረት መጋዙን አነሳና አፈሙዙን ቆራረጠው። ሰውየው ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ።

«አሁን ትንሽ ቀለል አለዎት?»

«ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም» አለ ሰውየው፣ ብርድ ልብሱን እያጠፈ። «እናታችን ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛ፣ ‹የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ፤ የልጄን ገዳይ ፈልግልኝ› ትለኛለች።»