የንግሥቲቱ ታናሽ እህትና ክትፎው

የንግሥት ታናሽ እህት ሆኜ የኖርኩት ሦስት ሳምንት ነው፤ እሱም በዝቶብኝ ነበር። ወልቂጤ ሰባተኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችን ድራማ ክበብ ለመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ ስለ አንዲት ጨካኝ ንግሥት ድራማ አዘጋጀ። ንግሥቲቱ ታላቅ እህቴ ሆነች። እኔም በድራማው ታናሽ እህቷ ሆንኩ፤ መምህሩ "መልካችሁ ይመሳሰላል" ብለው ነው እንጂ ማንም ተወዳድራ አሸነፈች ብሎ እንዳያስብ።

እህቴ ዘውዱን ቤት ይዛው መጣች። በሲጋራ ፓኮ ወርቅማ ወረቀት የተለበጠ ካርቶን ነው። ከዚያ ወዲያ ለእሷ ሥራ ቀረ። "ንግሥት ጀሪካን ትሸከማለች እንዴ?" ትለኛለች፤ እኔ እሸከማለሁ። እናታችን ደግሞ ይባስ ብላ "ተያት፣ ትለማመድ" ትል ነበር።

የእኔ ንግግር አንዲት ብቻ ነበረች። ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ ንግሥቲቱ ብቻዋን ትበላለች፤ እኔ ከኋላ ወጥቼ "እህቴ ሆይ፣ ሕዝብሽ ተርቦ ሳለ ብቻሽን ትበያለሽን?" እላለሁ፤ መጋረጃው ይዘጋል። ውኃ ስቀዳም ስተኛም እሷኑ እደግም ነበር። አባታችን መርካቶ ነጋዴ ነው፤ ከመስቀል በቀር አይመጣም። ለዚህ ድራማ ግን ሱቁን ዘግቶ እንደሚመጣ ላከብን። እኔ ለሰው ሁሉ "የእህቷ ታናሽ" ነበርኩ። አባቴ አንዴ እንኳ የእኔን ድምፅ ለብቻው እንዲሰማልኝ እንዴት እንደጓጓሁ!

መምህሩ ለንግሥቲቱ ማዕድ ያሰቡት እርጥብ ሰጋቱራ ነበር። እናታችን ይህን ስትሰማ "የእኔ ልጅ በሰው ፊት ሰጋቱራ ልትበላ? ሰው ምን ይለናል?" ብላ ተነሣች። ድራማው በታየበት ቅዳሜ መድረኩ ላይ ክትፎ በጣባ ከነቆጮው ቀረበ። የቅቤው ሽታ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ።

እህቴ ዘውዷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ቆጮውን ቆረሰች። ቀና ስትል ከአባታችን ጎን የተደረደሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ያዩዋታል። ጨካኟ ንግሥት ተሽኮረመመችና "እንብላ!" አለች።

"ብዪ ልጄ፣ ይባረክ!" አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ ድምፅ። መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

እኔ አልተበገርኩም፤ ወጣሁ። "እህቴ ሆይ" ከማለቴ ዞረች፤ አፌ መከፈቱን ስታይ በክትፎ ሞላችው። አንድ ጉርሻ ብቻ ደግሞ ነውር ነው፤ ሁለተኛው ተከተለ። ሕዝቡ የሰማው "ምምም" ብቻ ነው። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ፤ መጋረጃው ተዘጋ። እያኘክሁ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እጄን ያዘና "ምን ልትዪ ነበር?" አለኝ። መንገድ መሀል ቆምኩ። የሦስት ሳምንት ጀሪካን የሚያህል ንዴቴን ጨምሬ፣ ወደ እህቴ ዞሬ፣ ከነ"ሆይ"ው አልኩት። አባቴ መንገዱ ላይ ብቻውን አጨበጨበልኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እህቴ ግን ዘውዷን በእጇ እንደያዘች ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ብቻዬን እንዳልበላ ብዬ እኮ ነው ያጎረስኩሽ" አለች።