ባለቤት ያጣ በደል

ሶይላ ሁሳዩ ድንጋይ ታናግራለች ይባልላት ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ የእኛን የዋዩ ሕዝብ ቋንቋ በድምፅ የሚሰበስቡ በጎ ፈቃደኞች ፈልጎ በረሃማው አገራችን ጓሂራ ድረስ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እሷ የቀሰረው ለዚህ ነው። ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ትቀመጣለች፤ ድምፅ የምትቀዳበትን ስልኳን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ የኪሮሽ ቦርሳዋን ትሠራለች። ከተሜ ሲጠይቃቸው አፋቸውን የሚለጉሙት ሽማግሌዎች እሷ ስትመጣ ስለ ፍየላቸው፣ ስለ ቀረው ዝናብ፣ ስለ አማታቸው ክፋት ሳይቀር ይዘረግፉላታል። ደመወዝ የለውም፤ ቋንቋችን እንዳይጠፋ ነው። ሶይላ ይህን ከልቧ ታምን ነበር።

የሥራው መሪ ዶክተር ሊሊያና የምትባል፣ ከዋና ከተማው ከቦጎታ የመጣች ትሑት ሴት ናት። የተሰበሰበው ድምፅ ሁሉ ክፍት እንደሚሆን፣ ማለትም የፈለገ ሰው ከየትም አገር ሆኖ ሳያስፈቅድ ሊወስደው እንደሚችል አስረዳቻቸው። ሰዉ ግራ ሲገባው ሶይላ ተነሥታ፣ ነፋስ እያዞረው ከጉድጓድ እንደሚስበው፣ እንደ ነፋስ መሳቢያችን ውሃ ማለት ነው፣ የቀዳ ይቀዳል፣ ማነህ የሚለው የለም አለቻቸው። ሰዉም ወደደው። ዶክተሯም ወደደችውና በየሄደችበት ትደግመው ጀመር።

አንድ ደንብ ነበረ። ማንም ሰው ከመናገሩ በፊት ስሙን፣ ወገኑንና የእናቱን ስም ይናገራል፤ ፈቅዶ መስጠቱ በዚያ ይታወቃል። ሶይላ መጀመሪያ የቀዳችው አንድያ ልጇን ነው። ልጁ ዓይን አፋር ነበርና ስሙን አጕረምርሞ አለፈው።

«አፍህን ከፍተህ ተናገር እንጂ! ሙሽራ ነህ እንዴ?» አለችው።

እየሳቀ ደገመው። አሁንም አልጠራም ብላ አስደገመችው። በመጨረሻ ጥርት አድርጎ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ስሙን ተናገረ። ያ ስም እዚህ አይጻፍም። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም።

ልጁ የሞተው የተሳፈረበት ቤንዚን የጫነ መኪና ከድንበሯ ከተማ ከማይካኦ ሲመለስ ተገልብጦ ነው። ቀበርነው፤ አለቀስን፤ ፍየል ታረደ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ስሙ ተዘጋ። የሞተ ሰው መንገደኛ ነው፤ ሙታን ወደሚኖሩበት ወደ ሄፒራ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ይጓዛል። ስሙን የጠራ ከመንገዱ ይመልሰዋል፣ የወገኖቹንም ቁስል ያመረቅዛል። ለዚህ ሲባል ደም የተፋሰሱ ሰዎች አሉ። ሶይላም ለራሷ እንኳ ስሙን በልቧ እንዳታነሣ እየተጠነቀቀች፣ ልቅሶዋን ጨርሳ ወደ ኪሮሿ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ሴቶቹ የነፋስ መሳቢያው ሥር ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈዋል። የሶይላ ታናሽ እህት ልጅ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ በስልክ ትጫወታለች። የት አገር ያለ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ክፍቱን ድምፅ ወስዶ ቋንቋ ማስተማሪያ ጨዋታ ሠርቶበታል፤ ልጆቹም ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባብለውታል። ከስልኩ ውስጥ የሞተው ልጅ ጥርት ባለ ድምፅ ስሙን ተናገረ። ወገኑን ተናገረ። «የእናቴ ስም ሶይላ ነው» አለ።

ሴቶቹ ባሉበት ደረቁ። አንዷ ሮጣ የልጅቷን አፍ አፈነች፤ የተናገረችው እሷ ይመስል። ሶይላ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

ያን ሌሊት ልጁ በሕልሟ መጣ። እግሩ አቧራ ለብሷል፤ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ኋላው ያያል።

«እማ፣ አንቺ ነሽ የጠራሽኝ?» አላት።

ሕልም እልም ነው የሚል ሰው የዋዩ ልጅ አይደለም። ሶይላ ገና ሳይነጋ ኮረብታው ላይ ወጥታ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ድንጋይ ላይ ቆማ ለዶክተሯ ደወለች። ሊሊያና ሰምታ አለቀሰች። በዚያው ቀን ድምፁን ሰረዘችና መልሳ ደወለች።

«እትዬ ሶይላ፣ እኛ ጋ የነበረው ጠፍቷል። በእናቴ እምልልዎታለሁ።»

«ሰዎቹ የወሰዱትስ?»

«ማን እንደወሰደው አናውቅም። ክፍት ነበረ እኮ።»

«እንግዲያው ጥሪያቸውና መልሱ በያቸው።»

«ማንን ልጥራ፣ እትዬ? የጨዋታውን ባለቤት ፈልጌ አጣሁት። ስም የለው፣ አድራሻ የለው።»

ሶይላ ስልኩን ዘጋች። የቀዳ ይቀዳል፣ ማነህ የሚለው የለም ያለችው እሷው ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከቤት ቤት እየዞረች ጨዋታውን ከልጆቹ ስልክ አስጠፋች፤ ለመነች፤ ተቆጣች። ከዚህ ሰፈር ቢጠፋ ከወዲያኛው ሰፈር ይመጣል። ልጇም በሕልሟ ያንኑ መንገድ ላይ እንደቆመ ነው፤ አንድ እርምጃ አልሄደም። መብላት ተወች። እህቶቿ እሷንም ልንቀብር ነው ብለው ፈሩ።

ታላቅ ወንድሟ ካሲሚሮ የወገኑ አለቃ ነው፤ ቁጡ ሰው ነው። ሲመሽ ከዳሱ ሥር ተቀምጦ፣ የቃል ሰው እንላክ አለ። በደል ሲደርስብን የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የቃል ሰው በትሩን ይዞ ወደ በዳዩ ወገን ይሄዳል፣ ካሣው እስኪቆረጥ ከዚያ አይነሣም።

«ወደ ማን ነው የምትልከው፣ ወንድምጋሼ?» አለችው ሶይላ።

«ወደ ዶክተር ተብዬዋ ነዋ።»

«እሷ ሰርዛለች። አልቅሳለችም።»

«ጨዋታውን ወደ ሠራው ይሄዳላ!»

«የት አለና? የማንስ ወገን ነው?»

ካሲሚሮ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ወገን አለው፤ ፍየሉን ነድቶ ይመጣል፣ ነገሩም ይዘጋል። ወገን የሌለው በዳይ በአባቶቻችን ዘመን አልነበረም፤ ሕጋችን ለሱ ምንም አላስቀመጠም።

«በገዛ ቢላዋው ጣቱን የቆረጠ ሰው ለማን ነው የሚክሰው?» አለች ሶይላ።

«ለእናቱ ወገን ነዋ። ደሙ የነሱ አይደል? ምን ልትዪ ነው?»

«ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አጥርተህ ተናገር ያልኩት እኔ ነኝ። የቃል ሰው ወደ እኔ ላክ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ባለቤት ካላገኘ አይዘጋም። ካልተዘጋ ልጄ አይሄድም። እባክህ፣ ወንድምጋሼ።»

ላከ። ምን ያድርግ? የቃል ሰውም መጥቶ በገዛ ቤቷ ዳስ ሥር ተቀመጠ፣ ከሷ ላይ ካሣ ጠየቀ፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ መልእክት ይዞ አያውቅምና አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። ሶይላ ከሣጥኗ የእናቷን ቀይ ድንጋይ የአንገት ጌጥ አወጣች። ለልጇ ጥሎሽ ያስቀመጠችው ነበር፤ ሊያገባት የነበረችው ልጅ ቤተሰቦችም ቃል ሰጥተው ነበር። ካሲሚሮም በልጁ የእናት ወገን ስም ተቀበላት። የፍየል ጥብሱ ፍሪቼ ተበላ፣ አረቄው ቺሪንቺ ተጠጣ፣ ነገሩ ተዘጋ ተባለ። የሕጋችን ደግነቱ ይህ ነው፤ ካሣ የተከፈለበትን ነገር ማንም መልሶ አያነሣውም። ክፋቱም ይኸው መሆኑን ያን ቀን አላሰብነውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጠዋት ሴቶቹ እንደ ወትሮው ውሃ ይቀዳሉ። ከወዲያኛው ሰፈር የመጣች ልጅ ስልኳን ከፈተች። የልጁ ድምፅ ወጣ፤ ስሙን፣ ወገኑን፣ የእናቱን ስም። በዚህ ጊዜ ማንም አልደነገጠም፤ የልጅቷን አፍ ያፈነም የለም። ሶይላን አየት አደረጓትና ወደ ጀሪካናቸው ተመለሱ። ነገሩ የተከፈለበት ነው፤ ምን ብለው ይቆጡ?

ሶይላ ጀሪካኗን አስቀምጣ ከቁልቋል አጥሩ ጀርባ ዞረች፤ ፊቷን ባሕሩ ወዳለበት አቅጣጫ መለሰች። በወገኖቿ ሁሉ ፊት እኔ ነኝ ያለችው ሴት አሁን ማንም በሌለበት ካደች።

«እኔ አይደለሁም፣ ልጄ» አለች። «አልጠራሁህም። ዞረህ አትይ፣ ሂድ።»

ከኋላዋ ስልኩ ስሙን ደገመው፤ ጥርት አድርጎ፣ እሷ እንዳስተማረችው።