የሐጂያ አባት ቧንቧ ውስጥ የገባችው ካሜራ

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሐርጌሳ ከፍርስራሿ ተነሥታ በየሰፈሩ ሲሚንቶ የሚቦካበት ጊዜ ነበር። በሐሰት ስወነጀል አንገቴን እንደማልደፋ ያወቅኩት ያኔ ስለሆነ አልረሳውም።

በአየር መንገድ ቢሮ ተመድቤ ሄጄ መሐመድ ሞጌ ሰፈር አዲስ ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ሐጂያ ሩቂያ በስደት ጅጅጋ ስለኖሩ አማርኛ ያቀላጥፉታል። ቤቱን ያሠሩት በጦርነቱ የፈረሰው የአባታቸው ቤት ቦታ ላይ ነው።

በገባሁ በሁለተኛው ወር የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ወደ ላይ ገነፈለ። ሐጂያ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ሸፍነው መጡ።

"የሐበሻ ሊጥ ነው የዘጋው! በሳምንት ውስጥ ልቀቂልኝ" አሉ።

እኔ ቤት ሊጥ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። እንጀራ የምገዛው ሼክ ኑር ሰፈር ካሉ ያገሬ ልጆች ነው። ግን ማን ይስማኝ! በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ "ሊጥ ደፊዋ" እያለ ይጠቋቆምብኝ ጀመር። ደሜ ፈላ።

የሚከራይ ቤት ሞልቷል። ግን በዚህ ስም ከወጣሁ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሐበሻ ማን በሩን ይከፍታል?

"አልወጣም" አልኳቸው። "መጀመሪያ ቧንቧው ይታይ።"

አብዲ የሚባል ድሬዳዋ የተማረ ቧንቧ ሠራተኛ፣ በረጅም ገመድ ጫፍ ላይ የተገጠመች ትንሽ ካሜራ እንዳለችው ሰምቼ ጠራሁት። ጎረቤቶቹንም ጠራኋቸው። ሊጥ ካለ ሁሉም ይየው!

አብዲ "ቢስሚላህ" ብሎ ገመዱን አስገባ። አዲሱ ቧንቧ ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ አሮጌ የሸክላ ቧንቧ መጣ። እሱ ሲያልቅ የፍሳሽ ጉድጓዱ መታየት ሲገባው፣ ስክሪኑን የሞላው ድንጋይና የግድግዳ ስብርባሪ ነው።

"ሐጂያ፣ ጉድጓዱን ሳታስከፍቱ ነው እንዴ ከአሮጌው ጋር የቀጠላችሁት?" አለ አብዲ።

"አባቴ በእጁ የቀበረው ቧንቧ ነው። እንዳይነካ ያልኩት እኔ ነኝ።" ድምፃቸው ወረደ። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ወዳለው ስባሪ ጠቆሙ። "ያ ረቢ! የአባቴ ሳሎን ነው።"

ግድግዳው ጉድጓዱ ውስጥ ተደርምሶ ኖሯል።

ቢሆንም አልለቀቅኳቸውም።

"አባትዎን አላህ ይማርልዎት፣ ሐጂያ። የሊጡን ነገር ግን አሁኑኑ ለጎረቤቶቹ ይንገሩልኝ፤ በሶማሊኛ።"

እያለቀሱ ነገሩልኝ።

ጨካኝ ነሽ ያሉኝ ነበሩ። ለቅሷቸውን ሳስታውስ እኔም ይከፋኛል። ዛሬም ቢሆን ግን አስነግራቸው ነበር። እዚያው ቤት ሦስት ዓመት ኖሬ ስወጣ ቁልፉን ያስረከብኩት ለሌላ ሐበሻ ነው። ፈልገው ያመጧት ራሳቸው ሐጂያ ናቸው።